ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ለሚሠራ፦ ድንጋይ ወይስ ብሎኬት?

ቦታ ያገኘ ወዳጅ ሁሉ የሚደውልልኝ ለአንድ ጥያቄ ነው፤ «ግድግዳውን በድንጋይ ላቁመው ወይስ በብሎኬት?» ለእያንዳንዱ ከመመለስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። እኔ ብሎኬት ነው የምለው። ከብሩ ልጀምር።

«ድንጋይ እኮ እዚሁ ሞልቷል፣ ርካሽ ነው» የሚባለው የቢያጆውን (የአንድ መኪና ጭነቱን) ዋጋ ብቻ ለሚያይ ነው። ሃምሳ ሳንቲ ከሚወፍር የድንጋይ ግንብ ውስጥ ሲሶው ሞርታር (የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ) ነው። በካሬ አንድ ኩንታል ገደማ ሲሚንቶ ይውጣል፤ የሃምሳ ኪሎውን ማለቴ ነው፣ ያውም ግንበኛው ካላባከነ። ሃያ ሳንቲ የሚወፍረው ባለ 20 ብሎኬት ደግሞ በካሬ 12 ተኩል ፍሬ ይገባል፤ ስባሪውን ጨምራችሁ 13 ያዙ። ፍሬው 40 ብር ነው እንበል፣ 520 ብር። ለመደርደር አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ለአምስት ካሬ ይበቃል፤ ኩንታሉን 1,500 ብንለው ለካሬ 300 ብር። ብሎኬቱ ከነሲሚንቶው 820 ብር ላይ ሲያልቅ፣ የድንጋዩ ግንብ ድንጋዩ ሳይገዛ፣ ጠራቢና ግንበኛ ሳይከፈላቸው በሲሚንቶ ብቻ 1,500 ደረሰ። ዋጋው ሲለዋወጥ የሰማችሁትን ተክታችሁ አስሉት።

«ብሎኬት እኮ ኮለንና ፌሮ ይፈልጋል» ትሉኝ ይሆናል፤ የኮንክሪት ዓምዱንና ውስጡ የሚገባውን ብረት ማለታችሁ ነው። ልክ ነው፣ ከልዩነቱ ብዙውን ፌሮው ይወስደዋል። ግን ቦታውንም ቁጠሩት። በውጭ በኩል አራት በአምስት የሆነ ክፍል በሃምሳ ሳንቲ ድንጋይ ሲታጠር ውስጡ 12 ካሬ ይቀራል፤ በ20 ብሎኬት 16 ተኩል። አራት ካሬ ተኩል ከተማ ውስጥ ስንት እንደሚያወጣ እናንተው ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ክብደት ነው። የድንጋዩ ግንብ አንድ ካሬው ከአንድ ቶን ይበልጣል፤ ብሎኬት ከነልስኑ ሦስት መቶ ኪሎ ቢሆን ነው። መሬት ሲነቀነቅ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከክብደቱ ጋር አብሮ ያድጋል። እኛ ደግሞ ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነን። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ እንዴት እንዳደረጋት አረጋውያንን ጠይቁ፤ በ2017 ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሣው ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በተለይ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ ሲናጥ ድንጋዩን አንድ በአንድ ይተፋል። ብሎኬቱም ቢሆን ኮለኖቹን ከላይ ዙሪያውን የሚያስር ቢም (አግዳሚ ኮንክሪት) ከሌለው አልመክረውም።

«የድንጋይ ቤት ይሞቃል» ለሚለው፦ ድንጋይ ሙቀትን ብዙ አያግድም፣ ያዘገየዋል። በበጋ የቀኑን ፀሐይ ጠጥቶ ማታ ይሰጣችኋል፤ ይሄ እውነተኛ ጥቅም ነው፣ አልክድም። ክረምት ላይ ግን ምን ፀሐይ አለና? ለማንኛውም የደብረ ብርሃን ብርድ ዋናው በር ጣሪያው ነው። ሰማዩ በጠራ ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ላይ እየረጨ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። ኅዳር ላይ ኮርኒስ በሌለው ቤት ጠዋት አልጋችሁ ላይ ጠብ የሚለው ዝናብ አይደለም፣ የራሳችሁ ትንፋሽ ነው፤ ቆርቆሮውን ነክቶ ውኃ ሆኖ ይመለሳል። ከግድግዳው የተረፈ ብር ካለ ኮርኒስ ላይ ይዋል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ብሎኬት ሁሉ ብሎኬት አይደለም። የአክስቴ ልጅ በፍሬ አምስት ብር አስቀንሶ አስጭኖ መጣ፤ በካሬ 65 ብር ማትረፉ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ለቱቦ ግድግዳውን ሲሰረስር መሮው አላቆመም፣ የብሎኬቱ ባዶ ሆድ ድረስ ገባ፤ ዙሪያው እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። ማፍረሱ፣ መልሶ መደርደሩ፣ ልስኑ፣ የሁለት ሙያተኛ ቀን፤ ያተረፈው ብር የመጀመሪያውን ቀን እንኳ አልሸፈነም። ሻጩ ስልኩን አያነሳም።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሲሚንቶ የሚጠነክረው ደርቆ ሳይሆን ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ነው። የእኛ ነፋስና ፀሐይ ውኃውን በአንድ ቀን ይመጡታል፤ ቢያንስ ሳምንት ካልጠጣ ብሎኬቱ ይደርቃል እንጂ አይጠነክርም። ስለዚህ ማምረቻው ግቢ ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት ብሎኬቱን ሳይሆን የውኃ በርሜሉንና የማጠጫውን ጎማ ይሁን። ማጠጫ ከሌለ ውጡ። ካለ፣ ጥጉን በቁልፍ ፋቁት፤ አሸዋው ከረገፈ ተዉት። ሁለቱን አጋጩ፤ ጥሩው ይጮኻል፣ መጥፎው ድምፁ ይሞታል። በጥንካሬ ደረጃው ክላስ ሲ የሚባለውን ብሎኬት ክብደት ለሚሸከም ግድግዳ አትግዙ፣ ለመከፋፈያ ነው።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አመሻሽ ላይ ግንበኛ አታሠሩ። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በመቶ ዘጠኝ ያህል ይጨምራል፤ ውርጭ ያልጠነከረ ሞርታር ውስጥ ከገባ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። የዕለቱን ሥራ በጆንያ ሸፍኑ።

ድንጋዩን ለመሠረቱ ያዙት፣ እስከ ወለሉ ድረስ። እዚያ ክብደቱ አይጎዳም፣ የመሬቱን እርጥበትም ይችላል፤ ያ ርካሽ ቢያጆ ዋጋውን የሚያወጣው እዚያ ነው።