ፍልጥ ወይስ ከሰል?

ለእንጀራ ከሆነ ፍልጥን የሚያህል የለም። የባሕር ዛፍ ፍልጥ ቶሎ ይያያዛል፤ ነበልባሉም ምጣዱን ዳር እስከ ዳር ያዳርሰዋል። ግን ይድረቅ! አምና ክረምት እዚሁ ባሕር ዳር እርጥቡን ገዝቼ፣ ጫፉ አረፋ ሲደፍቅ እኔ በጭስ ዓይኔ ሊጠፋ። ሙቀቱ ውሃውን ሲያተን ያልቃል። ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ተደርድሮ፣ ከላይ ተከድኖ፣ ጎኑ ነፋስ እያገኘ ወራት መቆየት አለበት።

ለቡናና ለወጥ ከሰል ይመቻል። ከአዊ የሚመጣው፣ ዲከረንስ ከሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍ የሚሠራው ከሰል አንዴ ከተያያዘ ጭስ የለው፣ ጣጣ የለው። ታዲያ እንጨቱ አፈር ለብሶ ሲከስል ከሙቀቱ ከግማሽ በላይ እዚያው ይቀራል። ቤት ዘግቶ ማንደድማ አይሞከርም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሳይታወቅ ይገድላል። እኔ ጀበናዬን የምጥደው በረንዳ ላይ ነው።