ባለ 17.3 ኢንች ላፕቶፕ የዴስክቶፕን ቦታ ይይዛል? ከአንድ ዓመት ተኩል አገልግሎት በኋላ የቀረበ ግምገማ

ሥራዬ የአማርኛ መጻሕፍትን ገጽ ማቀናበርና ለማተሚያ ቤት ማዘጋጀት ነው። ለብዙ ዓመታት ይህን ስሠራ የኖርኩት በዴስክቶፕ ኮምፒውተርና በባለ 24 ኢንች ሞኒተር ሲሆን፣ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ግን ዴስክቶፑን አንሥቼ በቦታው ባለ 17.3 ኢንች ላፕቶፕ አስቀመጥኩ። ላፕቶፑ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ፣ 32 ጊጋባይት ራም፣ 1920 በ1080 ፒክስል ስክሪንና ባለ 230 ዋት ቻርጀር አለው። የአምራቹን ስም የማልጠቅሰው ሞዴሎቹ በየዓመቱ ስለሚቀያየሩና የምጽፈውም በዚህ መጠን በተሠሩ ላፕቶፖች በአብዛኛው ስለሚታየው ጠባይ ስለሆነ ነው።

ለውጡን እንዳደርግ ያስገደደኝ መብራት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በዴስክቶፕ የሚሠራ ሰው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ መሣሪያ) መግዛቱ አይቀርም፤ የዩፒኤሱ የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ሁለትና ሦስት ዓመት ካገለገለ በኋላ ይደክማል፤ ደህና በነበረበት ጊዜም ቢሆን የእኔው ሥራዬን አስቀምጬ ኮምፒውተሩን በሥርዓቱ ለመዝጋት ያህል ደቂቃዎች ብቻ ነበር የሚሰጠኝ። በላፕቶፑ ግን መብራት ሲጠፋ የስክሪኑ ብርሃን በትንሹ ይቀንሳል እንጂ ሥራው አይቋረጥም። ጽሑፍ ሳርምና ገጽ ሳቀናብር ባትሪው ሦስት ሰዓት ያህል ያቆየኛል። ለዚህ ብቻ ብዬ የከፈልኩትን ዋጋ እንደገና እከፍላለሁ። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ የሚውል ባትሪ ሁልጊዜ 100 በመቶ ሞልቶ ስለሚቆይ ቶሎ ያረጃል፤ ስለዚህ አምራቾቹ በሚሰጡት ማስተካከያ 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም ማድረግ ያስፈልጋል። እኔ ይህን ያወቅሁት ከአራት ወር በኋላ ነበር።

ስክሪኑን በተመለከተ ሱቅ ውስጥ የሚሰማውና ጠረጴዛ ላይ የሚታየው የተለያየ ነው። ባለ 17.3 ኢንች ስክሪን (ኢንቹ የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ ነው) 38.3 በ21.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከተለመደው ባለ 15.6 ኢንች ላፕቶፕ በጠቅላላ ስፋቱ (ወርድ በቁመት) ከአንድ አምስተኛ በላይ ይበልጣል፣ የባለ 24 ኢንች ሞኒተርን ግን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በአማርኛ መጻሕፍት ዘንድ የተለመደው የኤ5 ገጽ ቁመቱ 21 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሁለት ፊት ለፊት የተከፈቱ ገጾች በትክክለኛ መጠናቸው ስክሪኑን ሞልተው የሚገቡ ይመስላል፤ የፕሮግራሙ የትእዛዝ መደዳዎች ከላይና ከታች ቦታቸውን ሲወስዱ ግን ገጾቹን ማሳነስ ግድ ይሆናል። በቀድሞው ሞኒተር ላይ እነዚሁ ገጾች ተከፍተው በዙሪያቸው ለመሣሪያ ሰሌዳዎቹ በቂ ቦታ ይተርፍ ነበር።

ፊደላችን ደግሞ የራሱ ጥያቄ አለው። የ«ቱ» ቅጥያ ወገቡ ላይ፣ የ«ቲ» ደግሞ እግሩ ላይ ናት፤ «ጸ»ን ከ«ጰ» የሚለየውም አናቱ ላይ ያለች ሰረዝ ናት። በዚህ ስክሪን አንድ ኢንች ውስጥ 127 ያህል ፒክስሎች ስላሉ የፊደሉ ጠርዝ በባለ 24 ኢንቹ ሞኒተር ከሚታየው የጠራ ነው፤ ፊደሉ ራሱ ግን ያንሳል። ዓይኔ እንዳይደክም የዊንዶውስን መጠን ወደ 125 በመቶ ከፍ ሳደርገው ለሥራ የሚቀረኝ ቦታ 1536 በ864 ፒክስል ካለው ስክሪን ጋር እኩል ሆነ፤ ማለትም ለትልቅ ስክሪን ብዬ ከከፈልኩት ላይ ጥቂት የማይባለውን መልሼ አስረከብኩ። አሁን እየበዙ ያሉት ባለ 18 ኢንችና 2560 በ1600 ፒክስል ስክሪኖች ቁመታቸው 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ጽሑፍ ለሚያነብ ሰው ያቺ የቁመት ጭማሪ ከወርዱ ይልቅ ትጠቅማለች።

ሁለተኛው ችግር አንገት ነው። ስክሪኑ ከኪቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ስምንት ሰዓት የሚሠራ ሰው ስምንት ሰዓት አጎንብሶ ይውላል። በዚያ ላይ በቀኝ በኩል ያለው የቁጥር ሰሌዳ ዋናውን ኪቦርድ ወደ ግራ ስለሚገፋው፣ እጆቼ ከስክሪኑ መሐል ወጥተው ትከሻዬ ተጣምሞ ነበር የምጽፈው። በሦስተኛው ወር ከፍ የሚያደርግ ማስቀመጫ፣ የተለየ ኪቦርድና ማውስ ገዛሁ፤ በስምንተኛው ወር ደግሞ የቀድሞውን ሞኒተር አውጥቼ በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኘሁት። ከዚያ በኋላ ገጹን በሞኒተሩ፣ የደራሲውን ረቂቅ በላፕቶፑ ስክሪን እየተመለከትኩ እሠራለሁ፤ መብራት ሲጠፋም ገጹ ወደ ላፕቶፑ ይሻገራል። በእኔ ግምት ላፕቶፑ የተካው የዴስክቶፑን ሳጥንና ዩፒኤሱን ነው፤ ሞኒተሩን አልተካም። ስለዚህ ገዢው ከመጀመሪያው ለሞኒተር የሚሆን ገንዘብ ለይቶ ቢያስቀምጥ ይሻላል።

ጉልበቱ ለእኔ ሥራ ይተርፋል። የሦስት መቶ ገጽ መጽሐፍ ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየር ወይም ከባድ የሽፋን ምስል ሲሠራ ግን ፋኖቹ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ንግግር እስከሚያውኩ ድረስ ይጮኻሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ሙቀትን ተሸክሞ የሚያወጣው ይኸው አየር ስለሆነ ፋኑ የበለጠ መልፋት አለበት። የቪዲዮና የሦስት አቅጣጫ ሥዕል ባለሙያዎች በተለይ የግራፊክስ ካርዱን ስም ብቻ ዐይተው እንዳይገዙ አሳስባለሁ፤ አርቲኤክስ 4070 የሚባለው የዴስክቶፕ ካርድ 12 ጊጋባይት የራሱ ማኅደረ ትውስታ ሲኖረው፣ በዚያው ቁጥር የሚጠራው የላፕቶፕ ካርድ 8 ጊጋባይት ብቻ ያለውና ባነሰ ዋት የሚሠራ ነው።

ዴስክቶፕ የሚናፈቀው ብልሽት ሲመጣ ነው። የዴስክቶፕ ፓወር ሳፕላይ ቢቃጠል ከሰዓት በኋላ ሌላ ተገዝቶ ይገባል። የላፕቶፔ አንዱ ፋን በአሥራ አንደኛው ወር ሲቆም ግን ልኩ የሆነ መለዋወጫ በከተማው ስላልተገኘ ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ እጅ እስኪደርስ ስድስት ሳምንት ጠበቅሁ፤ በእነዚያ ሳምንታት የሠራሁት በአሮጌው ዴስክቶፕ ነበር።

ያገለገለ ለሚገዙ ሁለት ነገር ልጨምር። ከውጭ የገባ ላፕቶፕ ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል መሰኪያውን ማስማማት ብቻ ይበቃዋል፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ባነሰ ዋት ቻርጀር የሚሸጥ ከሆነ ከባድ ሥራ ላይ ኮምፒውተሩ ይዘገያል ወይም እንደተሰካ ባትሪው ይወርዳል። ሌላው የፕሮሰሰሩ ትውልድ ነው፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ባጠቃላይ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት ሲሆኑ፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አብቅቷል። ከዚያ ትውልድ በፊት የተሠሩ ግዙፍ ላፕቶፖች በርካሽ የሚገኙት በዚህም ምክንያት ነው።