በሱፐርማርኬት የሚሸጠው የሽፈራው ዱቄት ምን ያህል ይጠቅማል?

በአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች ከማርና ከተልባ ጎን የሚደረደረው የሽፈራው ወይም የሞሪንጋ ቅጠል ዱቄት ፈላጊው እየበዛ መጥቷል። የገዛሁት ዱቄት ቀለሙ ደማቅ አረንጓዴ ነው፤ ይህም ቅጠሉ ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ሥር የደረቀ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። በጣት ሲታሽ ግን በደንብ እንዳልተነፋ የሚያሳብቅ የዘንግ ስብርባሪ ይቆረቁራል። ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ መታሸጉም በቅጠሉ ውስጥ ያለውን የቫይታሚን ኤ ምንጭ ስለሚጎዳ አልወደድኩለትም።

የደረቀ የሽፈራው ቅጠል ከክብደቱ ሩብ የሚጠጋው ፕሮቲን ሲሆን፣ ካልሲየምና ብረትም በብዛት አለው። ይሁን እንጂ በማሸጊያው ላይ የሚያጓጉት አኃዞች የተሰሉት በ100 ግራም ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ደግሞ 10 ግራም እንኳ ስለማይሞላ፣ የሚሰጠው ፕሮቲን 2 ግራም ገደማ፣ ማለትም ከአንድ እንቁላል ከሚገኘው ሲሶ ያህሉ ብቻ ነው። ብረቱም የዕፅዋት ብረት በመሆኑ ሰውነት እንደ ሥጋ ብረት በቀላሉ አይወስደውም። ሎሚ ጠብ ማድረግ ያግዛል፤ ከምግብ በኋላ ወዲያው ቡና መጠጣት ግን ያስተጓጉላል (ይህን መናገር በእኛ አገር እንደማያስወድድ አውቃለሁ)።

«ከብርቱካን የላቀ ቫይታሚን ሲ» የሚለው ጽሑፍ ግን ቅሬታ ያሳድራል፤ ምክንያቱም ይህ ቫይታሚን በአብዛኛው ቅጠሉ ሲደርቅ የሚጠፋ ነው። «ስኳርንና ደም ግፊትን ይፈውሳል» የሚለውማ ከቅሬታም ያለፈ ነው። በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ጥቂትና አነስተኛ ከመሆናቸውም በላይ፣ ብዙዎቹ የተሠሩት መነሻው ህንድ በሆነው ሞሪንጋ ኦሌይፌራ ላይ እንጂ በደቡብ ኢትዮጵያው ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ላይ አይደለም። ዱቄቱ ከየትኛው እንደተዘጋጀ ማሸጊያው አይገልጽም። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዱቄቱን አዘውትሮ ከመጠቀሙ በፊት ሐኪሙን ቢያማክር ይበጀዋል።

ውሃ ውስጥ ሲበጠበጥ ይጓጉላል፤ ምሬቱም አፍ ላይ ይቆያል። ሽሮ ሊወጣ ሲል ሲነሰነስበት ግን ምሬቱ እምብዛም አይታወቅም። የኮንሶ ሰዎች ቅጠሉን እርጥቡን እንደ ጎመን ቀቅለው፣ ከማሽላ ሊጥ ድቡልቡል ጋር ኩርኩፋ የተባለውን ምግብ አድርገው ይመገቡታል፤ በዚህ አበላል በአንድ ማዕድ የሚገባው ቅጠል ከማንኪያ ዱቄት እጅግ ይበልጣል። እርጥቡን ቅጠል ለማያገኝ ከተሜ ዱቄቱ ተጨማሪ ምግብ ሆኖ ያገለግላል፤ ብርሃን በማያሳልፍ ዕቃ የታሸገውንና የተመረተበት ቀን የተጻፈበትን መምረጥ ይሻላል።