ሐረና ለእንቁራሪትና ለእስስት ሂዱ፤ መኪናውን ግን ከደላላ አትከራዩ

ለቸኮለ ሰው ዋናውን ልንገር። ባሌ ሂዱ። በክረምት፣ በሌሊት፣ ሐረና ጫካ ውስጥ እንቁራሪትና እስስት ማየት የሚወድ ልጅ ካላችሁ ሌላ አገር አትድከሙ። አስጎብኚውን እዚያው ዲንሾ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ላይ ያዙ። "ሁሉም የተካተተበት" የሚባለውን ጉዞ ግን አዲስ አበባ ካለ ደላላ በስልክ አትግዙ። የተቃጠልኩት በዚህ ነውና ትንሽ ልዘርዝረው።

ልጄ የተወለደችው ሜሪላንድ ነው። 12 ዓመቷ ነው። እኩዮቿ ስለ ዘፋኝ ሲያወሩ እሷ ስለ እንቁራሪት ታወራለች። አምና ኮስታ ሪካ ወስጃት ነበር። እዚያ ሌሊት በባትሪ ጫካ ለጫካ እያዞሩ ማሳየት ትልቅ ሥራ ነው። ስንመለስ "እናንተ አገርስ?" አለችኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ70 በላይ የእንቁራሪት ዝርያ እንዳለ፣ ብዙዎቹም ሌላ የትም እንደማይገኙ የነገረችኝ እሷ ናት። እኛ ልጆች ሆነን ጓሮ ውስጥ እስስት ስናይ ድንጋይ ነበር የምናነሳው።

ወደ ደላላው ልመለስ። ስልኩን ያገኘሁት ከዘመድ ነው። በቴሌግራም ተነጋገርን። "ላንድክሩዘር፣ ነዳጅ፣ የሹፌር አበል፣ የፓርክ መግቢያ፣ አስጎብኚ፣ ድንኳን፣ ሁሉም አለበት የኔ እናት፤ አንቺ ብቻ ነይ" አለኝ። በቀን 180 ዶላር። ግማሹን ቨርጂኒያ ላለ የአጎቱ ልጅ በዜል፣ በአሜሪካው የስልክ ገንዘብ መላኪያ፣ ላኪ አለኝ፤ ላክሁ። ቀሪውን አዲስ አበባ ስገባ በጥሬው ተቀበለኝ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንነሳለን ተባልን። ሻንጣችንን ይዘን በር ላይ ቆምን። 12 ሰዓት ሆነ፤ ስልክ አይነሳም። 1 ሰዓት ላይ "ደርሷል፣ እዚያው አካባቢ ነው" አለኝ። 2 ሰዓት ላይ "ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው" ሆነ። የነዳጅ ሰልፍ እንዳለማ ማን ያጣዋል? ለዚያ ነው ሰው ከዋዜማው የሚሰለፈው። ሹፌሩ 3 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ላንድክሩዘር የለም። ከቪትዝ ትንሽ ከፍ የምትል፣ ጎማዋ የተላጨ መኪና ናት። ደወልኩ። "ላንድክሩዘሩ ጋራዥ ገባ፤ ይቺም ፎር ዊል ናት፣ አታስቢ" አለኝ። ሹፌሩን አየሁት፤ አንገቱን ደፋ። ፎር ዊል አልነበረችም።

እስከ ዲንሾ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በጊዜ ብንነሳ በቀን ገብተን፣ አመሻሽ ላይ ሜዳው ውስጥ እንቁራሪት እናዳምጥ ነበር። የገባነው ሌሊት ነው። ልጄ መስኮቱን ከፍታ ጩኸቱን ሰማች። ልውጣ አለች። በዚያ ሰዓት፣ ያለ አስጎብኚ፣ ወዴት ነው የምትወጣው? እያኮረፈች ተኛች።

ጠዋት በሩ ላይ ስንደርስ በስማችን የተከፈለ ነገር የለም። አስጎብኚም አልተያዘም። እንደገና ከፈልኩ። እዚህ ላይ አንድ ምክር፦ የአገር ልጅና የውጭ ዜጋ ዋጋው ይለያያል፤ ያላችሁን መታወቂያ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ተመኑንም ራሳችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ጎባ። ከጎባ ከተማ ወደ ሳነቴ አምባ የሚወጣው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃ ነው። ሹፌሩ ዳገቱ ሥር አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። "እትዬ፣ ይቺ አትወጣም። ብትወጣም አትወርድም" አለኝ። አመሰገንኩት። ሌላው ቢሆን ገደል ይከተን ነበር። ሲያጫውተን ነው የአበሉ ነገር የወጣው። አልተሰጠውም። ማታ በዚያ የዲንሾ ብርድ መኪና ውስጥ ነው ያደረው። ደላላውን ጠየቅኩት፤ "ሰጥቼዋለሁ" አለ። ገንዘቤን መልስ ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ዲያስፖራ ሆነሽ ለዚች ትጨቃጨቂያለሽ?" ከመዘግየቱም፣ ከመኪናዋም በላይ ያናደደኝ ይህ ነው። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እየሠራሁ ነው ያጠራቀምኩት። ኮስታ ሪካ የማያውቁኝ ሰዎች የተናገሩትን ሰዓት አክብረው ደረሱልኝ። የገዛ አገሬ ልጅ ላይ ስደርስ "ለዚች" ተባልኩ።

አስጎብኚያችን ግን ሁለት ስልክ ደውሎ ጎባ ውስጥ ላንድክሩዘር አገኘልን። ባለቤቱ ዋጋውን አንዴ ተናገረ፤ ደላላው ከጠየቀኝ ግማሹን አይሞላም። ሳይጨምር፣ ሳይነጫነጭ ወሰደን፣ መለሰን። የመጀመሪያውን ሹፌር የአልጋ ሰጥቼ ጎባ እንዲጠብቀን አደረግን።

አሁን ወደ ደስታው።

ሳነቴ ጉም ነበር። ጅባራ ከሚባለው ረጅም ተክል በቀር የሚታይ የለም። አስጎብኚው ድንገት "ቁሙ" አለና እርጥብ ሣር ውስጥ ተንበረከከ። አንዲት ቡናማ ጉርጥ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሞላት ነው። ልጄ ከመጽሐፍ ታውቃታለች። ይህቺ ጉርጥ እንቁላሏን ውሃ ውስጥ ሳይሆን እርጥብ መሬት ላይ ነው የምትጥለው። ሁለቱ ሣሩ ላይ ተደፍተው እሷ በተሰባበረ አማርኛ፣ እሱ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲያወሩ እኔ ጃንጥላ ያዥ ሆኜ ቀረሁ።

ከሳነቴ ቁልቁል ሲወረድ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ያበቃና ሐረና ይጀምራል። ሪራ አካባቢ አደርን። ማታ ዝናቡ ሲያባራ ወጣን። ከመነሳታችን በፊት አስጎብኚው ሕጉን ነገረን፦ የጎማ ቦት ጫማ፣ ባትሪ ወደ እግር፣ እጅ ግንድ ላይ አይደገፍም፣ ከመንገድ አይወጣም። እፉኝት አለ፤ ሆስፒታል ደግሞ ቅርብ አይደለም። በነገራችን ላይ አንደኛዋ የሐረና እፉኝት ራሷን የቻለች ዝርያ ተብላ የተመዘገበችው ገና በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ አላየናትም፤ አልከፋኝም። የጎባው ሹፌር ግን መኪናውን ቆልፎ ውስጡ ቀረ። እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል?

የመጀመሪያዋን እስስት ሲያሳየን እኔ ቅርንጫፍ ብቻ ነበር የሚታየኝ። እስስት ተኝታ ሳለ በባትሪ ብርሃን ነጥታ ስለምትታይ ሌሊት መፈለጉ ይቀላል አለን። ቀረብ ስል አየኋት። ጅራቷን ጠቅልላ የቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ተኝታለች። ወንድ ነው አለ አስጎብኚው፤ አፍንጫው ላይ ሁለት ትናንሽ ቀንዶች አሉ። ባሌ ላይ ብቻ የሚገኝ ዝርያ ነው። አንዱን ዓይኑን ብቻ ከፈተና ባትሪውን ተከትሎ አዞረው፤ ሌላኛው እንደተጨፈነ ነው። አስጎብኚው ወዲያው ብርሃኑን ዝቅ አደረገ። "ይተኛበት" አለ። ልጄ እስስት በዱር ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። አሜሪካ አህጉር ላይ በተፈጥሮ እስስት የለም፤ ኮስታ ሪካ ብትዞሪ አታገኚም።

ከዚያ በየቁጥቋጦው የዛፍ እንቁራሪቶች ይጮኻሉ። አንዷን ክንድ ርቀት ላይ አገኘናት። የጣቶቿ ጫፍ ሰፋፊ ነው፤ ቅጠሉን ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። ልጄ ድምፁን በስልኳ ቀዳች፤ አሁንም ቤት ውስጥ ያንኑ ታጫውተዋለች።

አንድ ያላገኘነው አለ። በ1989 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የታወቀች፣ ከሐረና ጫካ በቀር በዓለም ላይ የትም የሌለች፣ አፍንጫዋ አጭር፣ ወፍራም እንቁራሪት። ጫካው እየተመነጠረና በከብት እየተረገጠ ለመጥፋት ተቃርባለች። ልጄ የመጣችው በዋናነት ለእሷ ነው። የወደቁ ግንዶች ሥር ትደበቃለች ይባላል። ልጄ አንዱን ግንድ እንዲያነሳላት አስጎብኚውን ለመነችው። "እህቴ፣ ቤቷን አላፈርስም" አላት። እሷም ለመነች፣ እሱም እምቢ አለ። ኮስታ ሪካ ውስጥ አስጎብኚያችን ለፎቶ ብሎ እንቁራሪት በእጁ አንስቶ ነበር፤ ጉርሻ ለማግኘት። የኛው ልጅ ጉርሻውን ሊያጣ እንደሚችል እያወቀ ነው እምቢ ያለው። እጥፍ ሰጠሁት።

ማረፊያው ቀላል ነው፤ ሙቅ ውሃ አትጠብቁ። የጫካ ቡናና የሐረና ማር ግን አለ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እየሰማሁ ከተኛሁ ስንት ዘመን ሆነኝ። ለዚያ ብቻ እንኳ በከፈልኩ።

ለምትሄዱ፦ የጭንቅላት ባትሪ ከውጭ ይዛችሁ ኑ። ቦት ጫማ ሮቤ ገበያ ታገኛላችሁ። እንቁራሪት የሚጨርሰው ፈንገስ ባሌም ተገኝቷልና ከሌላ አገር ጭቃ ይዛችሁ አትምጡ፤ ስትገቡም ስትወጡም ጫማችሁን እጠቡ። እኔ ከእንግዲህ እስከ ሮቤ በአውሮፕላን ሄጄ መኪና እዚያው ነው የምከራየው። ለአስጎብኚውም ሆነ ለመኪናው በየቀኑ ማታ ማታ ክፈሉ እንጂ አስቀድማችሁ አትስጡ።

ደላላው ሜሪላንድ ከተመለስኩ በኋላ አንድ መልእክት ላከልኝ። "ላሊበላ የሚሄድ ዘመድ ካለሽ ላኪልኝ" ይላል። የቀረውን ገንዘቤን ጠየቅኩት። አይቶታል፤ መልስ የለም።