ጫጩቱን በእጅ ማሳደግ ወይስ ለወላጆቹ መተው?

በቀቀን ማርባት ከልጅነቴ ጀምሮ የያዘኝ አባዜ ነው፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን እንደዚህ ጥያቄ ያከራከረኝ ነገር የለም።

በእጅ ያሳደግከው ጫጩት ሰው ይለምዳል፣ ትከሻህ ላይ ይወጣል፣ ደስ ይላል። ሥራው ግን ቀልድ አይደለም። ገና የተፈለፈለ ጫጩት በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ይበላል፣ ሌሊትም ጭምር (እንቅልፍ የሚባለውን እርሳው)። ምግቡ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መሆን አለበት፤ በጣም ከሞቀ አንገቱ ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት ያቃጥለዋል፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ ሳይፈጭ እዚያው ተቀምጦ ይበላሻል። የምታበላበትን ሲሪንጅ አጣድፈህ ከገፋኸው ምግቡ ሳንባው ውስጥ ይገባል፣ አለቀ። እኔ አንድ ጫጩት ያጣሁት እንደዚህ ነው፣ አሁንም ይቆጨኛል።

ወላጆቹ ሲያሳድጉት ያንተ ድካም እነሱን በደንብ መመገብ ነው። ጫጩቱም በቀቀን መሆንን ከነሱ ይማራል። በእጅ ያደገው አንዳንዴ ሰውን እንደ ተጓዳኙ ቆጥሮ ከራሱ ዘር ጋር አልጣመርም ይላል፤ ለሚያረባ ሰው ይሄ ከባድ ነው። ወላጆቹ ያሳደጉት ጫጩት ሰው ይፈራል የሚሉት እውነት አለው። ግን ላባ ማውጣት ሲጀምር በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ እያወጣህ ብታለማምደው ይገራል።

እኔ ለወላጆቹ ነው የምተወው። ሲሪንጅ የማነሳው እነሱ መመገብ ካቆሙ ብቻ ነው።