የግብር ድርሻ ወይስ ከኩባንያው ጋር ቀጥታ ውል?

ካናዳ ውስጥ በነባር ሕዝቦች መሬት ላይ ማዕድን ሲወጣ፣ ገንዘብ ወደ ማኅበረሰቡ የሚመጣባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ።

የግብር ድርሻ፦ የካናዳዋ ክፍለ ግዛት ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከማዕድን ግብሯ ታካፍላለች። ኩባንያው ተጨማሪ አይከፍልም፤ የሚቀነሰው ከመንግሥት ኪስ ነው። ጉዱ ያለው ስሌቱ ላይ ነው። ኩባንያው ያፈሰሰውን ካፒታል እስኪመልስ ግብሩ 2 በመቶ ብቻ ነው፤ ከዚያ 13 ይሆናል። እዚያው ያለው የማክሊዮድ ሌክ ነባር ማኅበረሰብ ማውንት ሚሊጋን ከሚባለው ማዕድን ማውጫ ግብር 15 በመቶ እንዲደርሰው በ2010 ተስማምቷል። በግርድፉ እናስላው፦ ከ100 ዶላር ትርፍ መጀመሪያ ላይ የሚደርሰው 30 ሳንቲም ነው። አዎ፣ ሳንቲም! በኋላ 1.95 ዶላር ይሆናል።

ቀጥታ ውል፦ የሰሜን ኩቤክ ነባር ሕዝቦች የሆኑት ኢኑይቶች በ1995 ከራግላን የኒኬል ማዕድን ማውጫ 4.5 በመቶ የትርፍ ድርሻ ተደራድረው አገኙ። ሥራና ሥልጠናም ውሉ ውስጥ ይገባል። ግን ጠበቃ ይፈልጋል፣ ጊዜ ይበላል፤ ብዙዎቹ ውሎች ደግሞ ምስጢር ስለሆኑ ጎረቤት ስንት እንዳገኘ አይታወቅም።

የማዕድን ዋጋ ሲወርድ ሁለቱም ይጎዳሉ።

ማዕድን ማውጫው ገና ሳይከፈት የመደራደር አቅም ላለው፣ ቀጥታ ውሉ ያዋጣል። ወጪውን መልሶ ማትረፍ ለጀመረ ማዕድን ማውጫ ግን የግብር ድርሻው መንገድ ይቀላል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝም ይቻላል፤ እኔ ብሆን ያንን ነበር የምጠይቀው።