ለጀማሪ የቱ ይሻላል፦ እስስት ወይስ ሌፐርድ ጌኮ?

ልጆቹ «እስስት ግዙልን» ብለው ሰቅዘው ይዘዋችኋል እንበል። አሜሪካ ውስጥ ጀማሪዎች በብዛት የሚገዟት የየመን እስስትን ነው። ሌላዋ አማራጭ ሌፐርድ ጌኮ የምትባለው ነጠብጣባም እንሽላሊት ናት።

ወጪ፦ እስስቷን ከመግዛት ይልቅ ኪስ የሚያራቁተው ቤቷ ነው፤ ረጅም የወንፊት ሽቦ ጎጆ፣ ቅጠላም ተክል፣ የሙቀት መብራት፣ የዩቪቢ አምፖል (እንደ ፀሐይ ያለ ጨረር የሚሰጥ)። ጌኮ አነስ ያለ የመስታወት ሳጥን ይበቃታል።

ውሃ፦ ጀማሪ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። እስስት አብዛኛውን ጊዜ ከሳህን አትጠጣም፤ ቅጠል ላይ ያለ ጠብታ ነው የምትልሰው። ስለዚህ በየቀኑ ውሃ መርጨት ግድ ነው። ዐይኗ ከጎደጎደ ውሃ አንሷት ይሆናል። ጌኮ ከሳህኗ ትጠጣለች፣ አለቀ።

መንካት፦ እስስት ሲይዟት ትጨነቃለች፤ ትጠቁራለች፣ አፏን ከፍታ ታስፈራራለች። ጌኮ ቀስ በቀስ እጅ ትለምዳለች።

ዕድሜ፦ እስስት ከ5 እስከ 8 ዓመት፣ ጌኮ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ። (ልጁ ኮሌጅ ሲገባ ጌኮዋ ለእናንተ ትቀራለች!)

ምግባቸው ያው በሕይወት ያለ ነፍሳት ነው። የሚዘል ነገር ቤቴ አይገባም የምትሉ ሁለቱንም እርሷቸው።

ቁጭ ብሎ ማየት ለሚበቃው እስስት ትሆናለች። ያኔም ወንዱን ምረጡ፤ ሴቷ ወንድ ሳያገኛት እንኳ እንቁላል ትይዛለች፣ መጣል ካቃታት ልትሞት ትችላለች። «እጄ ላይ ላስቀምጣት» ለሚል ልጅ ግን ጌኮ።